በመጋረጃው በኩል የወጣው ክንድ

ማላኪ የሞተው በሆዱ እንደተኛ ነው፤ ንቅሳቱ ከወገቡ ተነስቶ ገና ጭኑ ላይ ሳይደርስ። «ራሴን!» አለ፣ አንዲት ቃል ብቻ። ከዚያ አስመለሰው፤ ግራ እጁ ከሰሌኑ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ጥቂት ጊዜ ከባድ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ሲያንኮራፋ ቆየና ዝም አለ። ነቃሹ ሽማግሌ ኡዌሌሴ መምቻ እንጨቱን አየር ላይ እንዳነሳ ቀረ።

ጥሪው ሲደርስ ሳጅን ኤሊሳፔታ ምሳዋን አልጨረሰችም ነበር። ሰፊ ሴት ናት፤ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ያለ ወንበር ሁሉ ከእሷ ጋር ጠብ አለው። ሥራዋን የምትወደውን ያህል ምግቧንም ስለምትወድ፣ የተረፋትን ጎደሬ በቅጠል ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ወረወረችና ወደ ሳሌፓጋ መንደር ነዳች። ዝናቡ ደግሞ ማባሪያ የለውም። መንደሩ መግቢያ ላይ ያለውን ወንዝ እንደ ምንም ተሻገረችው፤ ዘወር ብላ ስታይ ግን የተሻገረችበት ቦታ የለም። ቡናማ ውሃ ግንድ እየገፋ ይወርዳል።

«ጎሽ!» አለች ለራሷ። «አሁን እኔም ከእነሱ ጋር ታሰርኩ።»

የንቅሳት ቤቱ እንደ ሌላው የመንደሩ ቤት ምሰሶና ጣሪያ ብቻ ነው፤ ግድግዳ የለውም። ዙሪያውን የማላኪ ዘመዶች ቆንጨራ ይዘው ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። መሃል ላይ ኡዌሌሴ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። የሌላ ደሴት ሰው ነው፤ እዚህ መንደር ውስጥ «ኧረ ተዉት» የሚልለት አንድ ዘመድ የለውም። ከሁሉም ፊት የቆመው የማላኪ ታናሽ ወንድም ሲአኦሲ ነው፤ ቀጭን፣ ጅማታም፣ ቀኑን ሙሉ የጎደሬ ማሳ ውስጥ የሚውል ሰው።

«ሳጅን፣ እንኳን መጡ። አስከሬኑን ይዩና ይመለሱ» አላት።

«በምን ልመለስ? ወንዙን አላየኸውም?»

«እንግዲያው ቁጭ ብለው ይጠብቁ። ወንድሜ ነገ ጠዋት ይቀበራል። አፈር ሳይለብስ ይሄ ቤት ከነሽማግሌው ይነዳል።»

«ማን ነው የሚያነደው?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ነው?»

ሳጅኗ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው። «እርጥብ ነው እኮ። አይነድልህም።»

ከኋላ የቆሙት ሳቃቸውን አፈኑ። ሲአኦሲ ግን ጥርሱንም አላሳየ። «ጋዝ አለን» አለ፣ ረጋ ብሎ።

ይህ አነጋገሩ ነው ያስፈራት። የሚፎክር ሰው አይገድልም፤ ረጋ ያለ ግን ያደርገዋል። በዚህ አገር ፖሊስ ጠመንጃ አይታጠቅም፤ ያላት አፏ ብቻ ነው። ከወንዙ ማዶ የሚመጣ ረዳትም የለም። እስከ ነገ ጠዋት ማላኪን የገደለውን ካላገኘች ኡዌሌሴ ይቃጠላል፣ እሷም ቆማ ታያለች።

ወደ ሽማግሌው ገብታ አጠገቡ ዘፍ አለች።

«አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በላችሁ?»

«ሰው እጄ ላይ ሞቶብኝ ስለ ቁርስ ትጠይቂኛለሽ?»

«እኔ ሁሌም ከቁርስ ነው የምጀምረው።»

ኡዌሌሴ ትክ ብሎ አያት። «ጎደሬና በጨው የተያዘ ሥጋ። ሁላችንም ከአንድ ቅጠል ነው የበላነው። ማላኪና ፔናይያ ደግሞ ሶዋ ናቸው፤ ጉርሻ እንኳ ለሁለት ነው የሚከፍሉት።»

ይህን ታውቃለች። ማንም ወንድ ብቻውን አይነቀስም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ራሱን ደግፎ ይይዝለታል። ሶዋ የሚባሉት እነዚህ ጥንዶች ከዚያች ቀን ጀምሮ ምግቡንም፣ ውሃውንም፣ ሕመሙንም ይካፈላሉ። የጀመረ ሰው ደግሞ አያቋርጥም፤ ግማሽ ንቅሳት ይዞ የቀረ ወንድ ዕድሜ ልኩን የመንደር መሳቂያ ነው።

«የጠጣችሁትስ?»

«ሲአኦሲ ለወንድሙ ኮኮናት ይዞለት መጥቶ ነበር። እኔ አልቀመስኩትም።»

«መርፌውስ?»

«አንድ ነው፤ ከያንዳንዱ ሰው በኋላ አፈላዋለሁ። ዛሬ ፔናይያን ነው ያስቀደምኩት፣ ይኸው ደህና ነው። ልጄ፣ እኔ ዝም ብዬ ሰው አልነካም። ድሮ አንድ ሰው እጄ ላይ ራሱን ስቶብኝ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ነርስ ደም ግፊቱን ለክታ ‹ይቻላል› ካላለችኝ መርፌ አላነሳም። ሲስተር ሉፔ ሁለቱንም ለክታለች። ጠይቂያት።»

ሲስተር ሉፔን ያገኘቻት ከማዕድ ቤቱ ኋላ ቦርሳዋን አቅፋ ስታለቅስ ነው። የማላኪ አክስት ልጅ ናት።

«ሉፔ፣ በነርስነትሽ ንገሪኝ። ምን ገደለው?»

«የጭንቅላቱ ደም ስር ፈንድቶ ነው የሚመስለኝ። ድንገት ራሱን አለ፣ አስመለሰው፣ አንድ ጎኑ ዛለ፣ አንኮራፋ። ያስተማሩን እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ አለቀ እኮ! ውጪና ንገሪያቸው።»

«ነገርኳቸው! ‹ደም ግፊቱን ማን ለካው?› አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ‹ስንት ነበር?› አሉኝ። እንደ ወጣት ልጅ ነበር፤ ጥሩ ነበር። ‹ታዲያ የጤነኛ ሰው ደም ስር በምን ይፈነዳል? ሽማግሌው አንድ ነገር አድርጎታል› አሉ። ምን ልበላቸው? የገዛ አፌ ነው ሽማግሌውን ያሰረው።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ለመሆኑ እንዴት ለካሽው?»

«እንዴት ማለት?»

«ወንድምሽ ነው እኮ።»

በዚህ አገር የአክስት ልጅ ወንድም ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እህት ደግሞ ወንድሟ ሽርጡን ሰብስቦ ገላውን ለነቃሽ ባዘጋጀበት ቤት እግሯን አታስገባም፤ ነውር ነው።

«አቡጀዲ ሰቀሉልኝ» አለች ሉፔ። «እኔ ከውጭ ተቀመጥኩ፣ እነሱ ክንዳቸውን በመጋረጃው በኩል እያወጡ ሰጡኝ። መጀመሪያ ፔናይያ፣ ቀጥሎ ማላኪ። ቁጥራቸውም ተቀራራቢ ነበር፤ ‹እውነትም ሶዋ ናችሁ› ብዬ ስቄባቸዋለሁ።»

«ክንዱ ላይ ያየሽው ነገር አለ?»

ሉፔ ወደ ጭቃው አየች። «ምንም። የሁለተኛው ትንሽ ቀላ ብሎ ነበር። ምሰሶ ተደግፎ ይሆናል።»

«ክንድ ላይ የምትጠቀልይው ጨርቅ ይሄ ብቻ ነው?»

«ወፍራም ክንድ ላለው ሰው ትልቅ አለ፤ ግን ሆስፒታል ነው፣ ወንዙ ማዶ።»

«አውሺኝ» አለች ሳጅኗ፣ ጨርቁን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

ሲአኦሲን ከሰዎቹ ነጥላ ከአንድ ዛፍ ሥር አቆመችው።

«ማላኪ ንቅሳቱን ጨርሶ ቢሆን ኖሮ የቤተሰቡ አለቅነት የእሱ ነበር አይደል?»

«የእሱ ነበር።»

«አሁንስ?»

የሲአኦሲ አፍንጫ ተነፋ። «የእኔ ነው። ገደልከው ነው የሚሉኝ?»

«ኮኮናት አመጣህለት።»

«ቢጠማውስ? ወንድሜ አይደለም?» ቆንጨራውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ። «አዎ፣ እቀናበት ነበር። ሁሉ ነገር ለእሱ ነበር። ግን ሳጅን፣ እቀናለሁና እገድለዋለሁ ማለት ነው? ያሳደገኝ እሱ እኮ ነው!» ድምፁ ተሰበረበት፤ መሰበሩ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። «ጊዜዎን እኔ ላይ አይፍጁ።»

ሳጅኗ አላስጨነቀችውም። ዓይኗ ንቅሳት ቤቱ ጥግ ላይ የተኮራመተውን ፔናይያን ካየው ቆይቷል። ወገቡ በዘይት ታሽቶ ቀልቷል፤ መቀመጥም መተኛትም አቅቶት ተንበርክኳል። እንደ ማላኪ ግዙፍ አይደለም፤ ሽንጣም፣ ክንደ ቀጭን ነው።

«ኮኮናቱን ማን ጠጣው?» አለችው፣ ወደ እሱ ሄዳ።

«እኔና እሱ፣ እኩል እኩል። ሶዋ ነና።»

«ማላኪ ታሞ ያውቃል?»

«ማላኪ? በሬ ነበር እኮ። ጉንፋን እንኳ ይፈራው ነበር።» ፈገግ ሊል ሞክሮ አቃተው።

«አምና አውስትራሊያ ቲማቲም ለቀማ አብራችሁ አልሄዳችሁም?»

«እኔ ሄድኩ፤ እሱ ቀረ። ሰው ሞልቷል አሉት።»

«ሥራው ከበደህ?»

«ወገቤን ነው የቆረጠኝ! ሰው ጎድሎን የሁለት ሰው ስለቅም ነው የከረምኩት።»

ይህን እንዳለ አፉን ገጠመ። ሳጅኗ ምንም እንዳልሰማች ሆና ዘይት የተቀባውን ወገቡን አየች። «ኡዌሌሴን ካቃጠሉት ይሄን ማን ይጨርስልሃል?»

«ማንም። የእሱን ሥራ ሌላ እጅ አይነካውም።» ግንባሩን ምሰሶው ላይ አስደገፈ። «ሽማግሌው ምንም አላደረገም፣ ሳጅን። እባክዎ አያስገድሉት።»

«ታዲያ ማን ነው ያደረገው?»

ፔናይያ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ያየችው ግን የሐዘንተኛ ዓይን ብቻ አልነበረም። ወጥመድ ውስጥ የገባ ሰው ዓይን ነበር፤ ወደዚህም ቢል ወደዚያም ቢል የሚይዘው።

አስከሬኑ እናትየው ቤት ተጋድሟል። እማማ ሱሉኤቲ ራስጌው ላይ ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች። ሳጅኗ ጎንበስ ብላ ገባች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ የሟቹን ራስና አንገት አየች። ጭረት እንኳ የለም። ከዚያ ጨርቁን ከኪሷ አወጣች።

«እማማ፣ ክንዱን ልንካው?»

«ንኪው። ምን ቀረው ብለሽ ነው?» አለች እናት። «ይሄ ልጅ ራሱን አሞት አያውቅም። ትናንት እንኳ ሁለት ጆንያ ጎደሬ ተሸክሞ መጣልኝ፤ ‹እረፍ› ስለው ‹ምንም አይሰማኝም› ይለኛል። ሁሌም እንደዚያ ነበር፣ ምንም አይሰማኝም።»

ሳጅኗ ጨርቁን በማላኪ ክንድ ዙሪያ አዞረችው። ዞረና ቆመ። የሚያያዙት ሁለቱ ጫፎች አልተገናኙም፤ በመካከላቸው አራት ጣት ይገባል። ሳበችው፣ አጥብቃ ጎተተችው፣ አሁንም አልደረሰም። ትንፋሿን ለቀቀችና ጨርቁን ጠቅልላ መልሳ ኪሷ አስገባችው።

«ምን አየሽ?» አለች እናት።

«እማማ፣ የጸሎት ጥሪው ሳይነፋ ሁሉንም ሰው እዚህ ቤት ጥሩልኝ። ሽማግሌውንም።»

ምሽት ላይ የዛጎሉ መለከት ሲነፋ መንደሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ያለህበት ትቀመጣለህ፣ ትዘምራለህ፣ ትጸልያለህ፤ እስኪያበቃ ድረስ እንኳን ቆንጨራ ድምፅም አይነሳም፣ የመንደሩ ሸንጎ በከባድ ይቀጣል። ሳጅኗ ሰዓቱን የመረጠችው ለዚህ ነው። ነገሩ ከፈነዳ የሚያስቀምጣቸው ነገር ያስፈልጋታል።

ገቡ። እናት ራስጌ፣ ሲአኦሲ ከአጠገቧ ቆንጨራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ዘመዶቹ ምሰሶ ምሰሶውን ይዘው፣ ኡዌሌሴ መሃል፣ ፔናይያ ከጀርባው፣ ሉፔ ጣሪያው ጫፍ ሥር። ከሰዉ ብዛት ቤቱ ታፈነ። ዝናቡም ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ መውጫ የለም።

«ቀጥታ ልግባ» አለች ሳጅኗ። «ማላኪ ተመርዟል ትላላችሁ። በምን? በኮኮናቱ? ግማሹን ፔናይያ ጠጥቶታል። በምግቡ? ሁላችሁም ከአንድ ቅጠል በልታችኋል። በመርፌው? ፔናይያ ነው ቀድሞ የተነቀሰበት። በመምቻው ተመትቷል? ራሱን እኔው አይቼዋለሁ፤ ጭረት የለበትም፣ ሲነቀስ ቆዳ የሚወጥሩት የሽማግሌው ረዳቶችም ግራና ቀኝ ተቀምጠው ያዩ ነበር።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አለ ሲአኦሲ።

«ቆይ። ሶዋ ሁሉን ነገር ይካፈላሉ። ምግቡን፣ ውሃውን፣ መርፌውን ተካፈሉ። አንዱ ሞተ፣ አንዱ አለ። እኔ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ያልተካፈሉት ምንድን ነው?»

ሳጅኗ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ፊታቸውን አየች።

«የየራሳቸው ደም ነው። ሉፔ ከመጀመሪያው ነግራናለች፤ የጭንቅላቱ ደም ስር ፈንድቷል። ያላመናችሁት ‹ደም ግፊቱ ጥሩ ነበር› ስላለች ነው። እኔም ላላምናት ነበር። እንግዲህ ወይ ሉፔ ዋሽታለች፣ ወይ...» ጨርቁን አውጥታ ዘረጋችው። «ወይ ክንዱ ዋሽቷል። ሉፔ፣ የሁለቱንም ክንድ በዚህ ነው የለካሽው?»

«በዚህ ነው።»

«ሲአኦሲ፣ ና። ይሄን ወንድምህ ክንድ ላይ አስረው።»

ሲአኦሲ እያጉረመረመ ተነሳ። አዞረው፣ ጎተተው፣ ጫፎቹን ሊያገናኝ ታገለ። አልደረሰም። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዉን አየ፣ የገባው ነገር ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወጣ።

«አልደረሰም» አለች ሳጅኗ። «ይሄ ጨርቅ ማላኪ ክንድ ላይ ታስሮ አያውቅም። በመጋረጃው በኩል ሁለት ክንድ አልወጣም። አንድ ክንድ ነው ሁለት ጊዜ የወጣው። ሁለተኛው ላይ ያለው መቅላት የምሰሶ አልነበረም፣ ጨርቁ መጀመሪያ ሲጨብጠው የተወው ነበር። አምና አውስትራሊያ ሰው ሞልቶ ነው የቀረው አላችሁ፤ ፔናይያ ደግሞ ሰው ጎድሎ የሁለት ሰው ሲለቅም ከርሟል። ሐኪም ነው ማላኪን የመለሰው። ፔናይያ፣ ልሳሳት እችላለሁ። ተሳስቻለሁ?»

ፔናይያ ተንበርክኮ ወደ መሃል ወጣ። ከሽማግሌው ጎን ሲደርስ ቆመ።

«አልተሳሳቱም» አለ። «አምና ሲለኩት ሐኪሙ ደንግጦ ‹እንዴት ቆመህ ትሄዳለህ?› አለው። ኪኒን ሰጡት። ሁለት ቀን ዋጠና ‹ምኔን አሞኝ ነው የምውጠው?› ብሎ ባሕር ላይ በተነው። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቅሁ! እሱን አይቶ ታማሚ ነው የሚል ማን አለ? ለንቅሳቱ ሉፔ ስትመጣ ‹ክንድህን ስጠኝ፣ ሶዋዬ አይደለህም?› አለኝ። ሁሉን እንካፈላለን ብለን ነው የገባነው። ሰጠሁት። ካልተነቀሰ ማዕረጉ ይቀርበታል። ግማሹን ሸክም የወሰድኩለት መስሎኝ ነበር።»

«አንቺስ?» አለች እናት ወደ ሉፔ ዞራ። «እጅሽ ውስጥ ያለውን ክንድ አላወቅሽውም?»

ሉፔ ፊቷን ሸፈነች። «እማማ... ቀጭን ነው ብዬ ነበር፣ በልቤ። ግን ‹ይሄ የወንድሜ ክንድ አይደለም› ብል፣ የወንድሜን ገላ አይቼ አውቀዋለሁ ማለት ሊሆንብኝ ነው። እንዴት ብዬ ልበል? አላየሁም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።»

ሲአኦሲ ቆንጨራውን ይዞ ተነሳ። አሁን ዓይኑ ሽማግሌው ላይ አልነበረም። «አንተ!» አለ። «ሙሉ ቀን ዝም ብለህ ሽማግሌውን ልታስቃጥለው ነበር። ወንድሜን የገደልከው አንተ ነህ!» ፔናይያ አልሸሸም፤ አንገቱን ደፋ።

ሳጅኗ በመካከላቸው ለመግባት ገና ከመነሳቷ የዛጎሉ መለከት ከመንደሩ ዳር ተነፋ።

ሲአኦሲ እንደቆመ ቀረ።  እናቱ የሽርጡን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ሳበችው፣ ተቀመጠ። እማማ ሱሉኤቲ ልጇ ፊቷ ተጋድሞ እያለ መዝሙሩን ጀመረች፣ ሰዉ ተቀበላት። ዘለግ ያለ መዝሙርና ዘለግ ያለ ጸሎት ነበር። ሳጅኗ ዓይኗን ጨፍና የምታስበው ስለ እግዚአብሔር አልነበረም፣ ይቅር ይበላት፤ የምታስበው «አሜን» ሲባል ምን እንደምታደርግ ነው።

«አሜን» ተባለ።

«ሲአኦሲ» አለች ፈጥና፣ «ከመነሳትህ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ክንድህን ለሉፔ ስጣት።»

«ለምን? እኔ ምን ሆኛለሁ?»

«ምንም ካልሆንክ ምን ይጎዳሃል? የአንድ እናት ልጆች ናችሁ።»

በንቀት ክንዱን ዘረጋ። የእሱ ቀጭን ነው፣ ጨርቁ በደንብ ዞረለት። ሉፔ ነፋች፣ ለቀቀች፣ አዳመጠች። ግንባሯ ተቋጠረ። በሌላኛው ክንድ ደገመችው።

«ስንት ነው?» አለች እናት።

«ላይኛው ቁጥር ከሁለት መቶ በላይ ነው። ተናዶ ነው እንዳልል፣ ይህን ያህል ጊዜ ተቀምጦ ሲጸልይ ነው የቆየው።»

«ማሽኑ ተበላሽቷል!» አለ ሲአኦሲ። «እኔ ምንም አይሰማኝም!»

 እማማ ሱሉኤቲ በሕይወት ካለው ልጇ ወደ ሞተው፣ ከሞተው ወደ ሕያው አየች።

«ማላኪም እንደዚያ ነበር የሚለው» አለች።

ሲአኦሲ ክንዱን የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«በየገባሁበት ቤት እንዲህ ያለ አንድ ሰው አላጣም» አለች ሉፔ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «አንዳንዴ ሁለት። ‹ተከታተል› ስለው ስቆ ነው የሚሸኘኝ፣ ስላላመመው።»

አንድ ሽማግሌ አጎት ሳይጠራ መጥቶ ከሉፔ ፊት ተቀመጠ። ከእሱ ቀጥሎ ሚስቱ። ኡዌሌሴም እጁን ዘረጋ። ከተለኩት ውስጥ ሦስቱን ሉፔ ወደ ጎን እያደረገች «አንተ ወንዙ ሲጎድል ትመጣለህ፣ አንቺም» ትላለች። በመጨረሻ ሳጅኗ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጨርቁ ዞረና ሳይደርስ ቆመ።

«ትልቁ ነው የሚያስፈልግዎት» አለች ሉፔ።

«እሱማ ወንዙ ማዶ ነው» አለች ሳጅኗ። ልትስቅ ፈልጋ አልመጣላትም። ከጠዋት ጀምሮ እሷንም ምንም እንዳልተሰማት አሁን ነው ትዝ ያላት።

በዚህ መሃል ፔናይያ ቤቱን ለቆ ወጥቷል። እማማ ሱሉኤቲ ቤት ፊት ለፊት፣ ዝናቡ የሚወርድበት ሣር ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነክቷል። ይቅርታ የሚለምን ሰው ከነዘመዶቹ መጥቶ በክብር ሰሌን ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው፤ የሟች ወገን ሰሌኑን ካነሳለት ይድናል፣ ካላነሳለት የሚመጣበትን ይቀበላል። የፔናይያ ዘመዶች ግን ወንዙ ማዶ ናቸው። ሰሌንም የለውም።

ኡዌሌሴ ተነሳ። ለንቅሳቱ ዋጋ ብለው ከሰጡት የክብር ሰሌኖች አንዱን ከንቅሳት ቤቱ አውጥቶ ዝናቡን እያቋረጠ ሄደ፣ በዝምታው ሊያስቃጥለው በነበረው ሰው ራስ ላይ ቀስ ብሎ ዘረጋው። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠ። 

ሁሉም ሲአኦሲን አየ። ማንሳትም መተውም አሁን የእሱ ነው፤ የቤቱ አለቃ እሱ ሆኗል። ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ። ቆየ። ሰሌኑ በዝናቡ ከብዶ የፔናይያን ትከሻ ቅርጽ አወጣ፤ ከሥሩ ትከሻው ሲርገበገብ ይታያል፣ ብርድ ይሁን ለቅሶ አይለይም። ሳጅኗ ልትናገር አሰበችና ተወችው። እዚህ ላይ የፖሊስ አፍ አይገባም።

ሲአኦሲ ቆንጨራውን ምሰሶው ሥር አስቀምጦ ወደ ዝናቡ ወጣ። ሰሌኑን በሁለት እጁ ይዞ ገለጠው።

«ተነስ» አለው። ድምፁ ሻክሯል። «ተነስ፣ ቁስልህን ውሃ እያስመታኸው ነው። ወንድሜን ቀብረን፣ ወንዙ ሲጎድል ሆስፒታል አብረኸኝ ትሄዳለህ። ግን ስማኝ፤ ክንዴን እኔው ራሴ ነኝ የምሰጠው።»